አንድ ቤት ነው ወይስ ሁለት?

በዘመድ ግቢ ቤት መሥራት ይቀላል የሚል ሰው ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ሠርቶ አያውቅም። እኔ መሬት አልነበረኝም፤ ዘመድ ግን ሞልቶኛል። ከሁሉም የሚበልጡት የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ስማቸውን የማልጠራው ይህን ጽሑፍ አንዱ አንብቦላቸው ከቡና እንዳልቀር ብዬ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ፣ አምስት መቶ ካሬ ሜትር ግቢ አላቸው። ግማሹ ጎመንና ድንች ነው፤ አንዱ ጥግ ኩበት ይከመርበታል፤ በቀረው ላይ ከአባታቸው የወረሱት የጭቃ ቤት ቆሟል።

እኔና ባለቤቴ ያኔ የምንኖረው በኪራይ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ፣ ቀጥሎም ቢራ ፋብሪካው፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ እየተባለ ሰው ከጎረፈ ወዲህ በዚህ ከተማ አከራይ ማለት ሌላ መንግሥት ሆኗል። አንድ እሑድ በረካው ላይ እትዬ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ለባዕድ የምትገፈግፈውን ገንዘብ እዚሁ ከጎኔ ጎጆ ብትቀልስበት ምን ነበረበት? ጎመኑ እንደሆን ከገበያ ይገዛል» አሉ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። በረካ ላይ የተባለ ነገር ደግሞ እንቢ አይባልም።

ያን ሰሞን ይሠራበት የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ነው። አዋጁ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ያለውን ከተማ ሁሉ ይመለከት ነበር። ደብረ ብርሃን በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 65,231 ሰው ነበራት፤ ስለዚህ የእትዬ ጎመን መደብ ሕግ ውስጥ ነበር። ሕንፃው በሦስት ይመደብ ነበር፦ ሕዝብ የሚገለገልበት፣ ፋብሪካው፣ ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ‹ሐ› ነው፤ ፎቅ የሚወጣው ‹ለ› ይሆናል፤ እንደኛ ሁለት ክፍልና ሳሎን ያላት ፎቅ አልባ ቤት ‹ሀ› ትባላለች። እትዬ ምድባችን ‹ሀ› መሆኑን ሲሰሙ ልክ ሚኒስትሪ ያለፍኩላቸው ያህል ደስ አላቸው። ለጎረቤት ሊያወሩ ብድግ ሲሉ ‹ሀ› የሚባለው ትንሹ ቤት መሆኑን ነገርኳቸው።

«ትንሹ ነው?»

«ትንሹ ነው።»

«ታዲያ ለትንሹ ይኼ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?»

ወረቀቱ የፕላን ስምምነት፣ ንድፍ፣ የግንባታ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን መጠየቅ ያለበት ባለይዞታው ሲሆን ካርታው ደግሞ በእትዬ ስም ነው። እውነቱን ለመናገር ይህች ከተማ በወረቀት አልተጀመረችም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ከሰማይ ብርሃን ወረደ ተብሎ እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ፣ ቀጥሎም ለራሳቸው ቤተ መንግሥት ሲጨምሩ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ክፍተት ስንት ሜትር ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም። ቢጠይቅም ኖሮ በዚያ ንጉሥ ዘመን ጠያቂው እንጃለት።

ንድፍ ሠሪው ገና ወጣት ነው፤ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ ጠየቀን። «ሥራው አዲስ ግንባታ ነው ማስፋፊያ?»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ማስፋፊያ ከሆነ ካለው ቤት ጋር ይያያዛል፤ አንድ ቤት ነው። አዲስ ከሆነ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሁለት ቤት ነው።»

እትዬ «አንድ!» አሉ። ባለቤቴ «ሁለት!» አለች። እኩል ነው ያሉት። ልጁ ያን ጊዜ ዓይኑን አነሳ።

የእትዬ «አንድ» ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ነው። አያቴ ደብረ ብርሃን ላይ ሁለት ቤት ነበራቸው። በአንዱ ይኖራሉ፤ ሁለተኛውን ለብርድ ልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ያከራያሉ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር ያልበለጠ፤ ከዚያ የተረፈው ተወረሰ። የእትዬ ግቢ ዛሬ ልክ አምስት መቶ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ሜትር ይዘው የመጡት ሰዎች ቆርጠው የተዉላቸው ነው። እትዬ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጅ ነበሩና ሁሉንም ያስታውሳሉ። አባታቸው ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

«ቤቱን ያጣነው ሰው በድለን አይደለም» ይላሉ። «ሁለት ጣራ ስለነበረን ነው።»

ያ ዘመን አልፏል፣ ዛሬ ጣራ የሚቆጥር የለም አልኳቸው። «ሲመጣ ላንተ ነግሮህ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ስለዚህ ምኞታቸው አዲሱ ቤት ከአሮጌው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮው ተያይዞ፣ በደሴ መንገድ የሚያልፍ ሰው ሲያየው አንድ ረዘም ያለ ቤት እንዲመስለው ነው። እንደኔ እንደኔ በዚህ አገር በሥራ ላይ ካለው ሕግ ይልቅ የተሻረው ብዙ ቤት ሠርቷል፣ ብዙም አስቀርቷል።

የባለቤቴ «ሁለት» አጭር ነው። ባንክ የሚያበድረው ካርታ አይቶ ነው፤ የራስ ካርታ ከሌለ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ ግድግዳው መስኮት ላይ ደርሶ ይቆማል። በዚህ ላይ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ነገ ብንጣላስ?» አለች። ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ጡረተኛ አሉ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስለፈጁ ውስጥ ያለው ባለሙያ በትሕትና አሳጥሮ የሚመልሰውን እሳቸው በዝርዝር ያብራራሉ። እትዬን ይዤ ሄድኩ። ይዞታውን ለሁለት መቁረስ ይቻል እንደሆነ ጠየቅናቸው። ካርታውን አገላብጠው አዩና፣ የግቢው ፊት ጠባብ ስለሆነ ከኋላ የሚቀረው ቁራጭ መንገድ አያገኝም፤ መውጫ መንገድ የሌለው ቦታ ደግሞ ራሱን የቻለ ካርታ አይወጣለትም አሉን።

«በስጦታ ቢሰጡኝስ?»

«አዋጅ 721/2004ን ታውቀዋለህ? ነባር ይዞታ በስጦታም በሽያጭም ወደ ሌላ ሰው ሲዞር ሊዝ ውስጥ ይገባል። የማይገባው በውርስ ሲተላለፍ ብቻ ነው።» ቀጥለው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ስለዚህ ልጄ፣ ከስጦታ ውርስ ይሻልሃል» አሉኝ።

ሹክሹክታቸው የፍርድ ቤት ሹክሹክታ ነበር፤ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

«ምን ይሻለዋል?» አሉ እትዬ።

«የሕጉን ነው፣ እመቤት፤ የሕጉን…»

«እኔ ሳልሞት ቤቱ አይረክስለትም ማለት ነው?»

ጡረተኛው ነገሩን ለማለዘብ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ መዘዙ። ቁጥር 1179፦ ባለመሬቱ ሳይቃወም በመሬቱ ላይ ሕንፃ የሠራ ሰው የሕንፃው ባለቤት ይሆናል። «እንግዲህ እመቤት እንዳይቃወሙ መጸለይ ብቻ ነው» አሉና ሳቁ። ወዲያውም፣ ዕድሜ ልካቸውን ለእውነት የማሉ ሰው ስለሆኑ፣ ባለመሬቱ ካሳ ከፍሎ ሠሪውን ሊያስወጣው እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል ብለው ጨመሩ። እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የማመልከቻውን ዋጋ የከፈሉትም እሳቸው ናቸው።

መፍትሔው የመጣው ከንድፍ ሠሪው ነው። በአንድ ካርታ ላይ ዋና ቤትና ሰርቪስ ቤት ይቆማሉ፤ የተለመደ ነው። ካርታው አንድ ስለሆነ ለእትዬ አንድ ነው፤ ግድግዳው ሁለት ስለሆነ ለአዋጁ ሁለት ነው። የእትዬ የጭቃ ቤት ዋናው ሆነ፤ የእኛ የብሎኬት ቤት፣ ሳሎኑና ሴራሚኩ ሳይቀር፣ በመንግሥት መዝገብ ሰርቪስ ሆኖ ተጻፈ። ባለቤቴ ወረቀቱን አየችና፣ «ሰርቪስ ውስጥ ልኖር ነው እናቴ የዳረችኝ?» አለች። ለብድሩም የእናቷን እቁብ ተማመነች። ንድፉ ላይ በሁለቱ ቤቶች መካከል ክፍተት ተሰመረ፤ ፈቃዱም ወጣ። እትዬ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸው ሊያሳስበን ይገባ ነበር።

ለጣራውና ለመወጣጫው የሚሆነውን አጣና ፍለጋ አንኮበር ወረድኩ፤ የእትዬ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከጎረቤላ አለፍ ብሎ ባሕር ዛፍ አለው። መንገዱ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ጭጋጉ ከያዘው ርቀቱን የሚያውቀው ሾፌሩ ብቻ ነው። ጭጋጉ ሲገለጥ ደግሞ ከገደሉ በታች ቆላው እስከ አፋር ድረስ ተዘርግቶ ይታያል። የሸዋ ነገሥታት ቤተ መንግሥት የነበረበት ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ ቆሟል። ሳህለ ሥላሴ በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙን መልእክተኛ ሐሪስን ሲቀበሉ፣ ኋላም ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይወጡ፣ የሸዋ ጉዳይ የሚያልቀው እዚያ ነበር። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የድንኳኑ ደንብ ነው። ንጉሥ ሲዘምት ድንኳኑ መካከል ይተከል ነበር፤ የቀኙ በቀኝ፣ የግራው በግራ፣ ፊታውራሪው ከፊት፣ ደጀኑ ከኋላ። ማን ከማን አጠገብ እንደሚሰፍር፣ ስንት ክንድ እንደሚርቅ ያለ ሜትር ይታወቅ ነበር። አዲስ አበባም የራስ መኮንን ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር እየተባለች የተተከለችው በዚሁ ልማድ ነው። ከታላቅ ሰው አጠገብ ያለ ልክ መጠጋት ድፍረት ነበር፤ እኛ ግን እትዬ አጠገብ ልንተክል ነው።

አጎቴ የታላቅ ልጁን ጎጆ ያወጣለት ከራሱ ቤት ጎን ነው። ድንጋዩ ከማሳው ዳር ተለቀመ፣ ደቦ ተጠራ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ቤቱ ቆመ። ለጎጆዋ ያወጣው ወረቀት የለም፤ ያለው ወረቀት የመሬቱ የይዞታ ደብተር ብቻ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ የአንኮበር ወረዳ ከተሜ ሁሉ ተደምሮ አሥር ሺህ አይሞላም ነበርና የሕንፃ አዋጁ የልጁን ጎጆ አይቷት አያውቅም።

«እንግዲያው አንተ ደንብ የለብህም» አልኩት።

«ማን አለህ?» አለ፤ ቅር ብሎታል። የልጁ በር በአባቱ በር ትይዩ አይከፈትም። የልጁ ጢስ በነፋስ ወደ አባቱ ቤት አይሄድም፤ ስለዚህ ምድጃው የት እንደሚሆን ከመሠረቱ በፊት ይታሰባል። ወደ ውኃ የሚወርደው የከብት መንገድ አይዘጋም፤ አውድማው አይነካም። ከሁሉ በላይ የጣራው ጠፈጠፍ ከራስ ግቢ አያልፍም። «ጠፈጠፉ የሰው ግድግዳ ላይ የሚወርድ ከሆነ ሽማግሌ ይቀመጥበታል» አለ። «ወንድማማች ቢሆን ደግሞ ይብሳል፤ ወንድም መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቂሙ የሚወጣው በቀብር ቀን ነው።» የአዋጁን አንድ አንቀጽ ሳያነብ ግማሹን በቃሉ ነገረኝ።

አጣናውን አይሱዙ ላይ ጭነን አብረን ወጣን። አጎቴ ግቢ እንደገባ ችካሎቹን በገመድ ለካና በክፍተቱ ተደሰተ። እትዬ አልተደሰቱም።

«እህት ዓለም፣ ጠፈጠፍ መውረጃ ያስፈልገዋል» አላቸው።

«እኔና አንተ በአንድ ማኅፀን ስንተኛ መካከላችን ጠፈጠፍ ነበረ?»

«በተራ ነዋ የተኛነው!»

በዚህ ተለያዩ። በማግስቱ እኔ ሥራ ሄድኩ፤ አጎቴ ቤተ ክርስቲያን ሳመ። እትዬ ማልደው ተነሥተው ችካሎቹን እየነቀሉ ወደ አሮጌው ግድግዳ አስጠግተው ተከሉ። ቆፋሪዎቹ ሲመጡ «እዚህ ነው» አሏቸው፤ ቁርስም አበሏቸው። የደብረ ብርሃን ሜዳ መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረት የሚጥል ሰው ጠንካራው እስኪገኝ ወደ ታች መውረድ አለበት። እነሱም ወረዱ። በጭቃው ቤት ግድግዳ ሥር፣ ያውም አያቴ ምሰሶውን በድንጋይ ላይ ሳይሆን በአፈር ውስጥ የቀበሩት ቤት ሥር፣ ጥልቅ ቦይ ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ አጎቴ በጓዳው መስኮት አፉን አስጠግቶ ሲያወራ አገኘሁት። ጥጉ ትንሽ ሰመጥ ብሎ መቃኑ ዘመም በማለቱ የጓዳው በር ተነክሶ አልከፈት ብሏል፤ እትዬ ከጠላው ጋን ጋር ውስጥ ናቸው።

«ደህና ነዎት እትዬ?»

«ደህና ነኝ። ቆፋሪዎቹ ምሳ በልተዋል?»

«በር ይሰበር ይላል አናጺው።»

«የአባቴ በር አይሰበርም!»

በሩ የጥድ ነው፤ የአንኮበር ጥድ፤ እውነትም መስበሩ ያሳዝናል። አናጺው ማጠፊያውን በውጭ በኩል ሊፈታ ቢሞክር ማጠፊያው በውስጥ ነው። መፍቻው በመስኮት ለእትዬ ተሰጣቸው፤ አናጺው ከውጭ «ወደ ግራ፣ እማማ፣ ወደ ግራ» እያለ፣ እሳቸው ከውስጥ ቆፋሪዎቹን የሚቆጣጠሩት እነማን እንደሆኑ እየጠየቁ፣ አጎቴ በመካከሉ ስለ ጠፈጠፍ እያስታወሳቸው፣ ሊመሽ ሲል በሩ ከነማጠፊያው ወደ ውስጥ ተነሣ። እትዬ ሻሻቸውን አስተካክለው ወጡ። ማንንም አላዩም።

የሕንፃ ሹሙ የላከው ተቆጣጣሪ በማግስቱ መጣ። ማን እንደነገረው አይታወቅም፤ እኔ ባለቤቴን እጠረጥራለሁ። ትሑት ልጅ ነው። ቦዩን አየ፣ ንድፉን አየ፣ የተነቀሉትን ችካሎች ቀዳዳ አየ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አሉት እትዬ። ይህ ጥያቄ ባገራችን ብዙ ፋይል ዘግቷል።

«የመንግሥት ልጅ ነኝ፣ እማማ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ቦዩ ተመልሶ ይሞላ፣ አፈሩ በደንብ ይጠቅጠቅ፣ የዘመመው ጥግ በአጣና ይደገፍ፣ ችካሉ በንድፉ ላይ ወዳለበት ይመለስ። ቀጥሎ ለእትዬ፣ ክፍተቱ የተጻፈው ማንንም ከማንም ለመለየት ሳይሆን አዲሱ ቤት ሲቆፈር አሮጌው እንዳይከተለው መሆኑን ነገራቸው። ቀይ ቀለም አልቀባም፤ ቅጣትም አልጻፈ። እትዬ እስከ ዛሬ ስሙን ባያውቁም በየበዓሉ «ያ የመንግሥት ልጅ» እያሉ ይጠይቁታል።

የቀረው ሥራ እንደማንም ሰው ሥራ ሄደ። ሲሚንቶ ጠፋ፣ ተገኘ፣ ተወደደ። የውስጡ ልስን ኅዳር ላይ ተጀምሮ የደብረ ብርሃን ውርጭ ስላገኘው ሌሊት ሌሊት በጆንያና በጭድ እያለበስነው አደረ። እትዬ በአንድ ነገር ብቻ አልተረቱም፤ የሁለቱም ቤት ቆርቆሮ አንድ ዓይነት፣ የሁለቱም ግድግዳ ቀለም አንድ ዓይነት፣ የውጭ በሩም አንድ እንዲሆን አደረጉ። አሁን ከመንገድ ለሚያይ ሰው አንድ ቤት ነው። የመብራት ቆጣሪውም አንድ ነው፤ ሒሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ።

ካሊፎርኒያ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ስንደዋወል እሱም በአማቱ ግቢ ከኋላ ትንሽ ቤት እየሠራ መሆኑን ነገረኝ። እዚያም የቤት እጥረት ስለበረታ በ2020 እ.ኤ.አ. በሥራ ላይ የዋለው የግዛቱ ሕግ እንዲህ ያለውን ቤት አቅልሎለታል፤ ከጎንና ከኋላ ወሰን 4 ጫማ ከራቀ በቂ ነው፣ ማመልከቻውም በ60 ቀን ውስጥ መልስ ማግኘት ነበረበት። ስልኩን ለእትዬ ሰጠኋቸው። «አሜሪካም ጠፈጠፍ አለ?» ብለው ጠየቁት። ዝናብ እንኳ ብዙ የለም አላቸው። «እንግዲያው አራት ጫማው ለምንድን ነው?» አሉ፤ የሚመልሰው ጠፋው።

ባለፈው ክረምት የታች ጎረቤታችን ከአጥራችን ጋር የተጠጋች የበግ በረት አቆመ። በረት እንኳ አትባልም፤ ቆርቆሮዋ ረዝሞ ወሰኑን አልፏል፣ ዝናቡ ሲመጣ እንዳለ በእትዬ ድንች ላይ ይወርዳል። እትዬ ለሳምንታት ምንም ሳይሉ ቆዩና አንድ ቀን ማለዳ ጋቢያቸውን ደርበው እበሬ ላይ ቆሙ።

«ሜትርህን ያዝና ተከተለኝ። ያን የፈቃድ ወረቀትም አምጣው።»

«እትዬ፣ ለበግ በረት አዋጅ ይጠቀሳል? ደግሞ እሱ ዘመድ አይደል እንዴ?»

«ነው እንጂ! የአባቱ እናትና የኔ አያት እህትማማች ናቸው» አሉ፤ ደረጃውን እየወረዱ። «ዘመድ ባይሆን ኖሮማ ሰድቤው እገላገል ነበር።»